ካሳው ሲመጣ

ባሌ ሙሀመድሰዒድ ባንክ ነበረው። አትሳቁ፣ ወላሂ ባንክ ነበረው። እርግጥ ሙሉው የሱ አልነበረም፤ ከስንትና ስንት ሺህ አክሲዮን ውስጥ ጥቂቷን ገዝቶ ነበር። ለሱ ግን ያቺው ጥቂት ሙሉ ነበረች። አቃቂ በሰቃ፣ ገመድና ሸራ ከምንሸጥበት ሱቃችን ማዶ፣ የባንኩ ቅርንጫፍ ቢጫ ተቀብቶ ቆሞ ነበር። ከወሎ ዘመድ በመጣ ቁጥር፣ እንግዳው ውሃ እንኳን ሳይቀምስ፣ እጁን ይዞ መንገድ ያሻግረውና ግድግዳውን በመዳፉ ቸብ ቸብ እያደረገ ይሄ የኛ ነው ይለዋል። እንግዳውም አጃኢብ እያለ ያያል። የማያደንቀው ዘበኛው ብቻ ነበር፤ እሱ ግድግዳው እንዳይቆሽሽ ነበር የሚጨነቀው።

አክሲዮኑን ሊገዛ የተነሳ ጊዜ መጀመሪያ የሮጠው ሼኽ ዘንድ ነው። ወለድ ሐራም ነዋ! የመጀመሪያው ሼኽ ባንክ የሚባል ነገር ካፉ እንዳወጣ አባረሩት። ሁለተኛውም አልተስማሙም፤ ወለድ ሰው የሌላውን ላብ የሚበላበት መንገድ ነው ብለው ግማሽ ቀን መከሩት። ሦስተኛው ዘንድ ሲደርስ ጥያቄውን አሳመረና ቤት፣ ወንበርና ጠረጴዛ ብገዛስ ብሎ ጠየቀ። ቤትና ወንበር መግዛትማ ምን ይከለክላል አሉት ሽማግሌው። እየፈነደቀ መጣ። ታዲያ ባንኩ የሚነግደው በወንበር ነው ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ አንቺ ነገር ማወሳሰብ ትወጃለሽ አለኝ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ትርፍ ሲደርሰው የወለድ ሽታ ያለበትን ለይቶ ለሚስኪን ይሰጥ ነበር። በምን እንደሚለየው አላውቅም፤ አሽትቶ ይሆናል።

ይሄ ሁሉ የሆነው ታዲያ በማን ገንዘብ ነው? በኔ። ከናቴ የወረስኩት የብር ድሪ ነበረኝ፤ አንገት ላይ ሲያጠልቁት እስከ ደረት የሚወርድ፣ ከባድ። በኛ ቤት ሴት ልጅ ስትዳር ያንን አድርጋ ነው ከደጅ የምትወጣው። አያቴ አድርጋው ወጣች፣ እናቴ አድርጋው ወጣች፣ እኔም አድርጌው ወጣሁ። አንዷ ቀለበት ተበጥሳ ስለነበር እናቴ በመዳብ አስጠግናታለች፤ ከብሩ መሀል ቀላ ብላ ትታያለች። ልጄ ሰዓደት ሕፃን ሆና ጡት ስትጠባ የምትጫወተው በሷ ነበር፤ ያቺን መዳብ ካልያዘች አትተኛም።

ያንን ድሪ ለጎረቤቴ ለበላይነሽ ሸጥኩላት። በላይነሽ የአቶ አምባው ሚስት ናት። አቶ አምባው የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ አክሲዮን የሚባለውን ነገር ለባሌ ያስተማሩትም እሳቸው፣ አብረውት የገዙትም እሳቸው። በላይነሽ ግን እንደ እህቴ ናት። ገንዘቡን መዳፌ ላይ አስቀመጠችና የዛሬውን ገንዘብ ባመጣሽ ቀን ድሪሽን ትወስጃለሽ ብላ በማርያም ማለችልኝ። መስቀሏን አንጠልጥላበት ስትወጣ ሳያት፣ እናቴ ይሄን ብታይ ምን ትል ይሆን ብዬ ሳቅኩ። ባሌም የሰዓደት ሠርግ ሳይደርስ እንመልሰዋለን አለ። ባንክ ያለው ሰው ሲናገር ደግሞ ማመን ነው።

በ፷፯ ታኅሣሥ ላይ ሬዲዮው ባንኮች በሙሉ የሕዝብ ሆነዋል አለ። ሙሀመድሰዒድ ገመድ እየለካ ነበር፤ ገመዱን እንደያዘ ቀረ። ቀጥሎ ሬዲዮው ለባለቤቶቹ ተገቢው ካሳ ይከፈላል ሲል ግን ፊቱ መለስ አለ። ምናለ ያቺን አንዲት ቃል ሬዲዮው ባልጨመራት! ቁርጡን ያወቀ ሰው አልቅሶ ይወጣለታል። ካሳ የተባለ ሰው ግን እንዴት ብሎ ያልቅስ?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ካሳ የሚባል እንግዳ ቤታችንን ወረሰው ልበላችሁ። ጣሪያው ያፈሳል፣ ካሳው ሲመጣ ይሠራል። የባሌ መንጋጋ አብጦ ሌሊቱን ሲያቃስት ያድራል፣ ካሳው ሲመጣ ይነቀላል። ጁማ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር፣ ጨዋ ልጅ፣ ሰዓደትን ለማግባት ሽማግሌ ላከ፤ ካሳው ይምጣና ተባለ። ልጁ ከአሰብ ተመልሶ ይጠይቃል፣ ገና ነው ይባላል፣ ደግሞ አሰብ ይሄዳል። ባሌ እሱን ትቶ ማዶ ግድግዳውን ያያል። ቀለሙ መላጥ ሲጀምር እንኳን ገብቶ ለሥራ አስኪያጁ አመልክቷል። የሕዝብ ከሆነ በኋላ ማለቴ ነው።

አንድ ቀን የካሳ ጉዳይ የሚታይበት ቢሮ ቅረቡ ተባለ። ያኔ ነው ጉዱ። ገንዘብ እንዲሰጥህ አክሲዮን ነበረኝ ማለት አለብህ፤ አክሲዮን ነበረኝ ካልክ ደግሞ ከበርቴ ነህ። በዚያን ዘመን ከበርቴ መባል ምን እንደሆነ የነበረ ያውቀዋል። ስለዚህ ሁለቱ ባለባንኮች መክረው፣ ከተማ የሚሄዱት ድሀ መስለው እንዲሆን ወሰኑ። ባሌ ደህና ኮቱን አምጥቶ ክርኑ ላይ እራፊ ጣፊበት አለኝ። ቀዳዳ የሌለው ኮት ጣፍኩ፤ ይሄን የሠራች ሴት በአቃቂ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። አቶ አምባው ደግሞ በበላይነሽ የወጥ ቤት ነጠላ ተጠቅልለው፣ ካልሲ ሳያደርጉ ብቅ አሉ። ተያዩ። ማን የበለጠ ድሀ እንደመሰለ ሲለካኩ ቆዩና ባሌ መሸነፉ ስለገባው ተመልሶ ሌላ እራፊ አስጣፈኝ። አውቶቡስ ሲሳፈሩ አንዲት ሴት አዝናላቸው ቦታ ለቀቀችላቸው ይባላል።

እንዲህ እየለበሱ ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ አልቆጠርኩም። ዛሬ ኃላፊው ስብሰባ ነው፣ ነገ ኃላፊው ተቀይሯል፣ ከነገ ወዲያ አዲሱ ኃላፊ ታስሯል። በመጨረሻ አንድ ቀን እውነት ሆነ። የሆነውን አቶ አምባው ናቸው የነገሩኝ፤ ባሌ ለብዙ ጊዜ አላወራውም።

ጸሐፊው ክፍያው ባንድ ጊዜ ሳይሆን በየዓመቱ እየተቆነጠረ፣ ከነወለዱ እንደሚሰጥ አስረዳ። አቶ አምባው ወዲያው ፈረሙ። የባሌ ተራ ደረሰ። ይህን ሁሉ ጊዜ የጠበቀ፣ መንጋጋው ያበጠ፣ ሴት ልጁ የምትጠብቀው ሰው ብዕሩን ያዘና፣ ወለዱ ይቅርብኝ ዋናውን ብቻ ስጡኝ አለ። ጸሐፊው ቀና ብሎ አየው። ያ ቢሮ ከተከፈተ ጀምሮ ጨምሩልኝ እንጂ ቀንሱልኝ ያለ ሰው ገብቶበት አያውቅም። ተነስቶ ኃላፊውን ጠራ። ኃላፊውም ወጥቶ ለምን እንደሆነ ጠየቀ።

ሃይማኖቴ አይፈቅድም ቢል ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። አቶ አምባው ግን መንግሥት ቢሮ ውስጥ ሃይማኖት ማንሳት አደጋ መስሏቸው ጎኑን በክርናቸው ጎሰም አደረጉት። ባሌ ደነገጠ። ደንግጦም ያ ሁለተኛው ሼኽ ያሉትን ቃል በቃል አስታወሰና ተናገረው።

«ወለድ ሰው የሌላውን ላብ የሚበላበት መንገድ ነው» አለ።

የኃላፊው ዓይን በራ ይላሉ አቶ አምባው። ካድሬዎቹ ስድስት ወር ሙሉ ሊያስተምሩ የለፉበትን ነገር፣ አንድ እራፊ የለበሰ የአቃቂ ነጋዴ ካፉ አወጣው። ኃላፊው ጨበጠው። ጓድ አለው። ስሙን፣ ቀበሌውን፣ የሱቁን ቦታ ጻፈና ወደ ቤትህ ሂድ፣ እኛ እንጠራሃለን አለው። የሚፈረመው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ባሌ ቤት ሲገባ ሰዎቹ በጣም አክብረውኛል፣ ሳይበዛ አይቀርም ብሎ ነገረኝ። ምኑ እንደሚበዛ ጠየቅኩት፤ ክብሩ ነው እንጂ ሌላማ ምን ይበዛል አለኝ። ክብር አንገት ላይ አይደረግም አልኩት፤ አልሰማኝም።

እሁድ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ቀናው ነው። ጓድ ከመሆኑ በፊት የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበር፤ ከሱቃችን በዱቤ የወሰደውን ገመድ እስከ ዛሬ እየጠበቅን ነው። መድረክ ላይ ወጣና ማይክራፎኑን በጣቱ ቆረቆረ። ከዚያ ተራማጁ ነጋዴ ጓድ ሙሀመድሰዒድ የወለድን ደም መጣጭነት ተረድቶ ወለዱን እንደተወ፣ ወለዱ የብዝበዛ ቅጠል ከሆነ ሥሩም ብዝበዛ ስለሆነ ዋናውንም ለሰፊው ሕዝብ እንደለቀቀ፣ ይህንንም ያደረገው በራሱና በአቃቂ ባለአክሲዮን ጓደኞቹ ስም እንደሆነ አነበበ። ሕዝቡ አጨበጨበ። አቶ አምባውም አብረው ሲያጨበጭቡ ነበር፤ ጓደኞቹ የተባለው እሳቸው መሆናቸው ሲገባቸው እጃቸው አየር ላይ እንዳለ ቀረ።

ባሌን ጠርተው ማይክራፎን አስጨበጡት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። አንድ ቃል ይበል ብዬ ያለ የሌለ ዱዓዬን አደረግኩ። ዓይኑ እኔ ላይ ሲያርፍ እጄን ባዶ አንገቴ ላይ አድርጌ አሳየሁት። አየኝ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከጎኑ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃ ይዘው ቆመው ነበር፤ አንደኛው ጎረቤታችንን ባለፈው ሰሞን ከቤቱ የወሰደው ነው፤ ያ ሰውዬ እስከዚያ ቀን አልተመለሰም ነበር። ባሌ ጠመንጃውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ግራ እጁን አንስቶ ኢትዮጵያ ትቅደም አለ።

በዚህ እንኳን አልፈርድበትም። ስንቱን ነገር ሳላግጥበት ኖሬያለሁ፣ በዚህ ግን አፌን አልከፍትም። ፈርቶ ነበር። እኔም ፈርቼ ነበር፤ እጄን ቶሎ ከአንገቴ ላይ አውርጄ አጨበጨብኩ።

ለሽልማት ትልቅ የምስጋና ወረቀት ሰጡት። ሱቁ ውስጥ ከሸራዎቹ በላይ ሰቀለው። ከሸማቾች ሱቅ ስኳር ስንወስድም ሰልፍ ቀረልን፤ እንግዲህ ባንክ ሰጥተን የስኳር ተራ አገኘን ማለት ነው። አቶ አምባው ባሌን ሰላም ማለት ተዉ። ሱቃችን ጋ ሲደርሱ ወደ ባንኩ በኩል ይሻገራሉ፤ ሲያልፉም ግድግዳውን አያዩትም። ሰውየው ጡረታቸውን ቆጥበው የገዙትን ባሌ በኩራት ለሕዝብ አድሎባቸው ምን ይበሉ? ባሌ ለምን እንደሚያኮርፉኝ አልገባኝም ሲል ግን ራሴን በእጄ ይዤ እወጣ ነበር።

ከባንክ ካሳ ተስፋ ስቆርጥ የራሴን መንገድ ጀመርኩ። የተቀደደ ጆንያ ከእህል ነጋዴዎች እየተቀበልኩ መስፋት ያዝኩ። ያገኘኋትን በላይነሽ ዘንድ አስቀምጣለሁ። ባልዋ ባሌን ቢያኮርፉም እኛ በጓሮ በኩል እንገናኝ ነበር። እሷ በጨርቅ ቋጥራ ሳጥኗ ውስጥ ታኖርልኛለች፤ ቋጠሮው ሲወፍር ደግሞ አውጥታ ታስነካኛለች። ጣቴ በመርፌ ተበሳስቶ ወንፊት ሆነ። ለሰዓደትም ለጁማም ከዚህ ክረምት አያልፍም አልኳቸው። ትንሽ ነበር የቀረኝ፣ በጣም ትንሽ።

ያን ጊዜ ነው የእናት ሀገር ጥሪ የመጣው። ጦርነት ነው፤ ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር ተባለ። ሰው ያለውን ሰጠ፣ በልቡ የሰጠም ብዙ ነው፣ እኔ ራሴ በሶ አዘጋጅቼ ሰጥቻለሁ። ጓድ ቀናው ግን በየቤቱ እየዞረ ማን ምን እንዳለው ያውቃል። እኛ ቤት ሲደርስ ባሌን ጨብጦ እናንተማ ባንክ ሰጥታችኋል ብሎ አለፈ። ኮራን። ከኛ ቀጥሎ ያለው ቤት ደግሞ የነአቶ አምባው ነው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ በላይነሽ በጓሮ መጣች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ የለም። በአንድ እጇ የጆንያዬን ገንዘብ ቋጠሮ ይዛለች። ሌላውን እጇን ስትከፍተው መዳፏ ላይ መስቀሏ ብቻውን ነው።

«ፋጡዬ፣ ያን ቀናውን ጉትቻዬን ልስጥህ ብለው እምቢ አለኝ። ጓደኛችሁ ባንክ ሰጥቷል፣ እናንተ በጉትቻ ልታልፉ ነው ወይ ብሎ አንገቴን አየ። መስቀሌን አውልቆ መለሰልኝ፣ ድሪሽን ወሰደው።»

እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጥን። እሷ ለኔ አለቀሰች፣ እኔም ለሷ አለቀስኩ። እናቴን እንደገና የቀበርኩ መሰለኝ። ባሌ ብቅ ብሎ ምን ሆናችሁ ሲለን፣ ላንተ የተሰጠውን ወረቀት አይተን በደስታ ነው አልኩት። ካሳ በተባለ ቁጥር አንድ ነገር ከቤቴ ይወጣል እንጂ ሲገባ አላየሁም።

ጁማ ከዚህ በላይ አልጠብቅም አለ፤ እውነቱን ነው። በጆንያ ገንዘቡ ሠርጉን ደገስን። ድንኳን ለመትከል ግን የቀበሌ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ለሻዩም ስኳር ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ጓድ ቀናውን ከነባለቤቱ መጥራት ግድ ነበር። አቶ አምባውም ከኩርፊያቸው ጋር መጡ፤ የክርስቲያኖቹን እንግዶች በግ በስመ አብ ብሎ የሚባርክ ሌላ ሰው ስለሌለ፣ ባሌን ሳያዩት ቢላዋቸውን ስለው ጓሮ ገቡ። እንዲህ ነው ጉርብትና፤ ባንክህን ባሳጣህ ሰው ሠርግ ላይ በግ ታርዳለህ።

ሴቶቹ በተቀመጡበት ድንኳን የጓድ ቀናው ሚስት አቻምየለሽ ገባች። ተነስተን ከፍ ያለው ቦታ ላይ አስቀመጥናት። አዲስ የሀገር ልብስ ለብሳለች። አንገቷ ላይ እስከ ደረት የሚወርድ፣ ከባድ የብር ድሪ አለ። በላይነሽ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ድሪ ሁሉ ይመሳሰላል ብዬ ራሴን ላታልል ስሞክር፣ ሻይ ላቀርብላት ጎንበስ ስል፣ መሀል ላይ ቀላ ያለችውን መዳብ አየኋት። እንግዲህ ወደ ጦር ግንባር የሚሄደው ድሪ መንገዱ በኛ ሠርግ በኩል ነበር።

ሻዩ ሳህኑ ላይ ፈሰሰብኝ። ልነጥቀው አሰብኩ። ወላሂ አሰብኩ። ግን ደጅ ድንኳን ተተክሏል፣ ባሌ አለ፣ ያ ጠመንጃ የያዘው ልጅም ለጓድ ቀናው ጥበቃ ብሎ መጥቶ በር ላይ እየበላ ነው። ለአቻምየለሽ ስኳር ጨምሬላት፣ አምሮብሻል ብያት ወጣሁ። ይሄንንም ብያለሁ።

ሰዓደት ውስጥ ክፍል ተሸፋፍና ተቀምጣ ነበር። ባዶ አንገቷን ጓደኞቿ በሻሽ ሸፍነውላታል። ጆሮዋ ላይ ጎንበስ አልኩ።

«ስትወጪ የሊቀመንበሩን ሚስት ሳሚያት። አንገትሽን ካንገቷ አድርገሽ አጥብቀሽ እቀፊያት። ቶሎ እንዳትለቂያት።»

ለምን ልትለኝ ዓይኗን ስታነሳ፣ በመጋረጃው ቀዳዳ ወደ ድንኳኑ አሳየኋት። ልጄ ብዙ አላየችም። ጡት ስትጠባ የያዘችውን ነገር ለማወቅ ብዙ ማየት አያስፈልጋትም።

ሙሽራዋ ትውጣ ተባለ፣ እልል ተባለ። ሰዓደት እኔን ሳመች፣ በላይነሽን ሳመች፣ ከዚያ ቀጥ ብላ አቻምየለሽ ጋ ሄደች። ሻሿን ከአንገቷ ገለጥ አድርጋ እላይዋ ላይ ተጠመጠመችባት። ድሪው በሁለቱ አንገት መሀል ገባ። አለቀቀቻትም። እልልታው ጋብ አለ፣ ሴቶቹ ተያዩ፣ እሷ አለቀቀቻትም። የልጄ አንድ እጅ በሁለቱ ደረት መሀል ገብቶ አየሁ፤ የት እንደገባ እኔ አውቃለሁ። አቻምየለሽም ሆዷ ባባ፣ ዓይኗን ጠረገች፣ እንዴት ያለች ሰው ወዳድ ልጅ ናት አለች። ከዚያ ሰዓደት ለቀቀቻትና ሻሿን መልሳ ከደጅ ወጣች። አንገቷ ላይ የቀለበቶቹ ምልክት ቀይ ሆኖ ወጥቶ ነበር፤ ጁማ መኪናው ላይ ሲያወጣት ገና አልጠፋም።

መኪናው ሲሄድ ባሌ አጠገቤ ቆመ። የተበላሸውን መንጋጋውን በመዳፉ ይዟል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ልጃችን የሊቀመንበሩ ሚስት ላይ ለምን እንደዚያ እንደተጠመጠመች ጠየቀኝ።

«ካሳው መጥቶ ነበር» አልኩት።

የምሩን ዞሮ ወደ በሩ አየ። የት አለ አለኝ። ሻይ ጠጥቶ ሄደ አልኩትና ዕቃ ላነሳ ገባሁ።